ዳጉ የሚያውቅ ልጅ ቃለ መጠይቅ አይፈራም

ባለፉት እትሞች ስለ ትምህርትና ስለ አጠናን ዘዴ ስንወያይ መቆየታችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ፈተና፣ ማለትም ለሥራ ቅጥር ስለሚደረገው ቃለ መጠይቅ እንነጋገራለን።

እንደሚታወቀው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለመያዝ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ይህን ሁሉ አልፎ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም ወደ ሰመራ የተመለሰ ወጣት ግን ገና አንድ በር ይጠብቀዋል። አሥራ ስድስት ዓመት የተማረው ልጅ በሦስት ሰዎች ፊት ለሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። ለትምህርቱ ፍየል የሸጠ አባት፣ ወተት ሸጣ ደብተር የገዛች እናት ውጤቱን ከደጅ ሆነው ይጠባበቃሉ። ስለዚህ ይህች ሃያ ደቂቃ እንደ ቀላል ነገር የምትታይ አይደለችም።

ከምናስተምራቸው ወጣቶች መካከል አንዱ ለንብረት ክፍል ሠራተኝነት ተወዳድሮ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። በሒሳብ ጎበዝ ነው፣ በጠባዩም ምስጉን ነው። ጠያቂዎቹ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት ስሙንና ቀበሌውን ተናግሮ ዝም አለ። ሥራውን ሌላ ሰው አገኘው። ለምን እንዳልተናገረ ስንጠይቀው የሰጠን መልስ ብዙ አሳሰበን። «ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት» አለን።

በርግጥም ነውር ነው። በቤታችንም በመድረሳችንም የተማርነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ራስን ማወደስና ስለ ራስ እውነቱን መመስከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የነብዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። በግብፅ ንጉሥ ፊት በቆሙ ጊዜ የአገሪቱ ጎተራ ኃላፊ እንዲያደርጋቸው ራሳቸው ጠየቁ። ሲጠይቁም ስለ ዘራቸውም ሆነ ስለ መልካቸው አላነሱም። ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ብቻ ተናገሩ። ጎተራ የሚፈልገው እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነበር፤ እህሉን የማያባክን ታማኝነት፣ አያያዙን የሚያውቅ ዕውቀት። ከዚህ የምንማረው ለሥራው የሚያስፈልገውን፣ በውስጣችንም በእውነት ያለውን መናገር ኩራት አለመሆኑን ነው።

ከዳጉ የምንማረው

የአካባቢያችን ልጆች ቃለ መጠይቅ ከከተማ የመጣ እንግዳ ነገር ይመስላቸዋል። እኛ ግን የአፋር ልጅ ይህን ጥበብ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየዋል እንላለን። ዳጉን የማያውቅ ማን አለ? ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቢቸኩሉ እንኳ ቆመው፣ አንዳንዴም ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ሰላምታው አልቆ ጥያቄው ይጀመራል። ከየት መጣህ? ዓይንህ ምን አየ? ጆሮህ ምን ሰማ? ዝናቡ የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? በመንገድህ ማንን አገኘህ? ተጠያቂው በተራው ይመልሳል። ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ብሎ ለይቶ ይናገራል። ያልሆነውን ሆነ ብሎ የተናገረ ሰው በጎሳው ሽማግሌዎች ዘንድ ይወቀሳል፤ በእርሱ ወሬ ተመርቶ መንጋውን ውኃ ወደሌለበት የሚነዳ ሰው ይኖራልና።

እንግዲህ ቃለ መጠይቅ ማለት ይኸው ነው። ጠያቂው የማያውቀውን አገር ካየ ሰው ይጠይቃል፤ አገሩም የእናንተ ሕይወት ነው። እናንተም ያያችሁትንና የሠራችሁትን ከሰማችሁት ለይታችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሳችሁ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ትናገራላችሁ። በዳጉ ላይ «ግጦሹ በጣም ጥሩ ነው» ብሎ የሚያቆም ሰው የለም። የት ሸለቆ፣ ለስንት ከብት፣ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ይናገራል። በቃለ መጠይቅም «እኔ ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ» ብቻ ብሎ ማቆም ለጠያቂው ምንም አይነግረውም።

የነብዩላህ ሙሳም (ዐ.ሰ) ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። በመድየን ውኃ ዳር ለሁለት ሴቶች ከብቶቻቸውን አጠጡላቸው። በኋላ ከሴቶቹ አንዷ አባቷ እንዲቀጥራቸው ስትጠይቅ ብርቱና ታማኝ መሆናቸውን ጠቀሰች። ይህን ያለችው ከሩቅ ሰምታ ሳይሆን ሥራቸውን በዓይኗ አይታ ነው። ስለዚህ ስለ ታማኝነታችሁ ስትጠየቁ ታማኝነታችሁ የታየበትን ሥራ ንገሩ። የመስጊድ ግንባታ መዋጮ መዝግባችሁ ከሆነ፣ የአባታችሁን ሱቅ ሒሳብ ይዛችሁ ከሆነ፣ በክረምት ታናናሾቻችሁን አስተምራችሁ ከሆነ እርሱን አንሱ። ምን ችግር እንደነበረ፣ እናንተ ምን እንደሠራችሁ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ከዚያም ዝም በሉና የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠብቁ።

ከዕለቱ በፊት

1ኛ. ማስታወቂያውን ደግማችሁ አንብቡት። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊ ችሎታው፣ የሥራ ቦታው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ተፈላጊ ችሎታ ጎን እናንተ ያላችሁን ማስረጃ ወይም የሠራችሁትን ሥራ ጻፉ። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ጥያቄው ከዚያ እንደሚመጣ ዕወቁ።

2ኛ. መሥሪያ ቤቱን ዕወቁት። ለወረር የግብርና ምርምር ማዕከል የሚወዳደር ሰው ማዕከሉ በምን ላይ ምርምር እንደሚያካሂድ ሳያውቅ መግባት የለበትም። ለባቡር ሥራ የሚወዳደርም የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት መጀመሩን፣ ምን ምን እንደሚያጓጉዝ ይወቅ። በሰመራ ለክልል ቢሮ፣ ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለባንክ የምትወዳደሩም እንዲሁ። እዚያ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ስለ ሥራው ጠይቁት። ዘመድን ስለ ሥራው መጠየቅ ዝግጅት ነው፤ ሥራውን እንዲሰጥ መለመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

3ኛ. ስማችሁን አስተካክሉ። ይህ በተለይ የኛ ልጆች ችግር ነው። በስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ «መሐመድ»፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ «ሙሐመድ»፣ በመታወቂያ ላይ «መሃመድ» ተብሎ የተጻፈ ስንት አለ! በእንግሊዝኛው ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። በአፋርኛ የላቲን አጻጻፍ «ዐ» የሚጻፈው «ኪው» በተባለው ፊደል ስለሆነ፣ ዐሊ የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት በ«ኤ»፣ በሌላው በ«ኪው» ሊጀምር ይችላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ጠያቂ ይህን ላያውቅ ይችላልና ሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል። ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አመሳክሩ። ልዩነት ካለ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ፣ አስፈላጊ ከሆነም በፍርድ ቤት በኩል አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

4ኛ. ቀኑንና ሰዓቱን አረጋግጡ። አገራችን የራሷ አቆጣጠር እንዳላት ጥሪውን የጻፈው ሰው ላያስብ ይችላል። «12/5» የተባለ ቀን በኛ ጥር 12 ሲሆን በአውሮፓውያኑ ግን ግንቦት 4 ላይ የሚውለው ሜይ 12 ነው። «9:00» የሚልም በውጭ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በኛ 9 ሰዓት ብሎ የሄደ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። በቆላማ አካባቢ ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከደጋው ሊለይ ይችላል። ደውሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ጥሪው ዓርብ ቀትር ላይ ከዋለም በትሕትና ከጁሙዓ በፊት ወይም በኋላ እንዲሆንላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዕለቱ ከመቅረት አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

5ኛ. መንገዱን አስቡበት። ከአዋሽ ሰመራ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ በኩል ሲመጡ መኪና ሊበላሽ፣ ኬላ ላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከሰመራ ወደ አዋሽ የሚመጣም ሆነ ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚሄድ አንድ ቀን ቀድሞ ይድረስ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የሰመራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ንጹሑን ልብስ በመንገድ አትልበሱት፤ ይዛችሁት ሄዳችሁ ጠዋት ልበሱት። ወረቀቶቻችሁንም ከላብና ከአቧራ እንዲጠበቁ በላስቲክ ከረጢት ያዙ፤ ዋናውና ፎቶ ኮፒው ለየብቻ ይሁን።

በዕለቱ

ስትገቡ ሰላምታ አስቀድሙ። «ተቀመጡ» እስክትባሉ ቁሙ። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። በባህላችን ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ስለሆነ ልጆቻችን ዓይናቸውን ወደ መሬት ይሰብራሉ። ይህ የአክብሮት ምልክት ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ጠያቂ ግን ፍርሃት ወይም የሚደበቅ ነገር አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ስትሰሙና መልስ ስትጀምሩ ቀና በሉ፣ ድምፃችሁም ይሰማ። አክብሮታችሁ በአነጋገራችሁ ይታያል።

እህቶቻችን ከወንድ ጋር በመጨባበጥ ጉዳይ እንደሚጨነቁ እናውቃለን። ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ፊትን ፈታ አድርጎ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ይበቃል። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አገሩም የለመደው ሰላምታ ነው። ሒጃባችሁም ንጹሕና የተስተካከለ ይሁን እንጂ ስለ እርሱ ይቅርታ አትጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ወይም በጾታ ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ይህን ማወቅ ለክርክር ሳይሆን ልባችሁ እንዲረጋ ይጠቅማችኋል።

የቋንቋው ነገርም አለ። በሰመራ ቃለ መጠይቁ በአፋርኛ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ይሆናሉ ከተባሉት አንዱ ነው። በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚደረገው ንግድና ትራንስፖርት ደግሞ አፋርኛ ድንበር ተሻጋሪ መግባቢያ ነው። በመድረሳ የተማራችሁት ዐረብኛም ቢሆን በወረቀታችሁ ላይ ሊጻፍ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘም ባንክ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት የሚለው ቃል ለሁላችንም የተለመደ ሆኗል፤ ሙራበሓ፣ ሙዷረባ ሲባል የሚገባው ሰው በዚህ ዘርፍ ተፈላጊ ነው። ነገር ግን «ዐረብኛ ዐውቃለሁ» ከማለት ማንበብ፣ መጻፍ ወይስ መናገር እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ይሻላል። ጠያቂው ዐረብኛ ቢናገርስ?

የማታውቁትን ስትጠየቁ «ይህን አላውቅም፣ ግን እንዲህ አድርጌ ላገኘው እችላለሁ» በሉ። «ለምን እዚህ ለመሥራት ፈለግህ?» ሲባል «ሥራ ስለሌለኝ» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ለጠያቂው አይጠቅመውም፤ ሥራ የሌለው ሁሉ እንዲያ ይላልና። ከሥራው ውስጥ የምትችሉትን፣ ለመማር የምትፈልጉትን አንድ ነገር አንሱ። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባልም የውሸት ድክመት አትፍጠሩ። ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ካልሠራችሁ እርሱን ተናገሩና ለማሻሻል ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉ ዝም አትበሉ። የሥራው ቀን ውሎ ምን እንደሚመስል፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ልንሸጠው የማይገባ ነገር

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንምጣ። «ያለ ዘመድና ያለ ገንዘብ ሥራ የለም» የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ወሬው መሠረት የለውም ብለን ወጣቱን አናታልልም፤ እንዲህ ዓይነት በደል የደረሰበት ሰው አለና። ነገር ግን ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ የተወገዙ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በገንዘብ የተገኘ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቦታው የሚገባውን የሌላ ቤተሰብ ልጅ አስነስቶ ነው የተቀመጠው። ያ ልጅ እንደ እርሱ ፍየል የተሸጠለት ሊሆን ይችላል።

ያልሠሩበትን የሥራ ልምድ ማጻፍ፣ ያላለፉትን ፈተና አለፍኩ ማለትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። የትምህርት ማስረጃ ከተቀጠሩ በኋላም ይጣራል፤ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ሥራውም ስሙም አብሮ ይጠፋል፣ በሕግም ያስጠይቃል። በእውነት የሠራችሁበት ካለ ግን ማስረጃውን ጠይቁ። በአዋጁ መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በስልክ ደውለው «ለቅጥር ተመርጠሃል፣ ለፎርም ይህን ያህል ብር አስገባ» የሚሉም አሉ። ማስታወቂያውን ያወጣውን መሥሪያ ቤት በአካል ሳትጠይቁ አንድ ሳንቲም አትስጡ።

ከዚያ በኋላ

ከተመረጣችሁ የቅጥር ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። በግል ድርጅቶችና በሌሎች በዚሁ አዋጅ በሚተዳደሩ ሥራዎች የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፤ በጽሑፍም መደረግ አለበት። የሙከራ ጊዜ ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ መሆኑን አትርሱ፤ እዚያ የተናገራችሁትን እዚህ በሥራ ታሳያላችሁ።

ካልተመረጣችሁስ? የተጠየቃችሁትን ጥያቄዎች በዚያው ቀን በወረቀት ጻፉ። የከበዳችሁን ለይታችሁ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ። ያ ስሙንና ቀበሌውን ተናግሮ ዝም ያለው ወጣት እንዲሁ አድርጓል። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ከአጎቱ ጋር ተቀምጦ «ስለ ራስህ ንገረን» የሚለውን ሲለማመድ ከርሞ በሌላ ቦታ ተወዳደረ። እዚያም በመድረሳው የመጻሕፍት መዝገብ ለሦስት ዓመት ሲይዝ አንድ ኪታብ እንዳልጠፋ ተናገረ። አሁን በንብረት ክፍል ይሠራል፤ አልሐምዱሊላህ።

ለወላጆች አንድ ቃል

አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁን ለቃለ መጠይቅ ስትሸኙ እስከ በሩ ድረስ እንጂ ከዚያ ወዲያ አትግቡ። ሴት ልጃችሁ ወደ ሰመራ ተጠርታ ከሆነ «ብቻዋን አትሄድም» ብላችሁ ዕድሉን ከመዝጋት ወንድሟ ወይም አክስቷ አብረዋት ይሂዱ። «ዘንድሮም ሳታልፍ ትመጣና!» የሚለው ንግግር ልጁን ከጠያቂዎቹ ይልቅ ያስፈራዋል። ይልቁንስ ከመግሪብ በኋላ ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉና ዳጉ ጠይቁት። ምን ተማርክ? ምን ሠራህ? ማን አየህ? እንዴት እናምንሃለን? እዚያ ያልተንተባተበ ልጅ ቢሮ ውስጥም አይንተባተብም።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ለፈለገው ሰው መጀመሪያ እንዲያስር ነግረውታል። የግመልን ነገር ለአፋር ሰው ማስረዳት አያስፈልገንም። ወረቀቱን ማስተካከል፣ ቀኑን ማረጋገጥ፣ መልሱን መለማመድ ገመዱን ማሰር ነው። ከዚያ በኋላ ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን አምኖ ልብን አረጋግቶ መግባት ይገባል።

በሚቀጥለው ወር፣ ኢንሻአላህ፣ ስለ መጀመሪያው ደመወዝ አያያዝ እንነጋገራለን። እስከዚያው ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።